ከፎገራ ሜዳ ወደ ውድድር መኪና፦ የእሽቅድምድም መሐንዲስ ዝግጅት

የመኪና እሽቅድምድም በቴሌቪዥን ሲታይ የአሽከርካሪው ድፍረትና ቅልጥፍና ብቻ ቢመስልም፣ በሙያው ውስጥ ላሉ ሰዎች ግን አሽከርካሪው የረጅም ሥራ የመጨረሻው እጅ ነው፤ መኪናው መነሻው መስመር ላይ ከመቆሙ በፊት የነደፉት፣ ያሰሉት፣ የፈተኑትና እያንዳንዱን ብሎን ያጠበቁት መሐንዲሶችና መካኒኮች በአንድ ትልቅ ቡድን ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የማይታይ ሥራ፣ በተለይም አንድ ወጣት መሐንዲስ ወደ ሙያው ለመግባትና ከተቀጠረም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸንቶ ለመቆም የሚያስፈልገውን ዝግጅት ነው። ጉዳዩ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ከሚገኙት ከወረታ ከተማና ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ሜዳ ላይ የእሽቅድምድም መሐንዲስ የሚታገለው ስስ አየር፣ የሚያዳልጥ አፈርና ከጭነት ብዛት የሚሞቅ ማሽን በየቀኑ አለ፣ የሚጎድለው እነዚህን ነገሮች ለክቶ በመዝገብ የማስፈር ልማድ ነው።

በቅድሚያ የሥራ ክፍፍሉን መለየት ይገባል። በፎርሙላ ዋን፣ ማለትም በዓለም ላይ ከፍተኛው ባለ አንድ መቀመጫ የመኪና ውድድር፣ «የውድድር መሐንዲስ» የሚባለው ሰው ከአሽከርካሪው ጋር በሬዲዮ የሚነጋገር፣ የአሽከርካሪውን ስሜት ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም መልሶ ወደ ማስተካከያ የሚለውጥ ኃላፊ ነው። «የአፈጻጸም መሐንዲስ» የሚባለው ደግሞ መኪናው በየመታጠፊያው የት ጊዜ እንዳጠፋና የት እንዳተረፈ ከመረጃው እየለየ የሚያስረዳ ሲሆን፣ «የስትራቴጂ መሐንዲስ» ጎማ የሚለወጥበትን ዙር ያሰላል። ከእነዚህ ጀርባ በፋብሪካው ውስጥ የመኪናውን አካል የሚነድፉ፣ የአየሩን ፍሰት የሚያጠኑ፣ የብሬኩንና የካምቢዮውን ዕድሜ የሚከታተሉ እጅግ የሚበዙ ባለሙያዎች አሉ፤ በአገራችን ስለ ሙያው ሲወራ የሚነሡት በሬዲዮ የሚሰሙት ጥቂት ሰዎች ቢሆኑም፣ ጀማሪ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው በእነዚህ በማይታዩት ክፍሎች ውስጥ ነው። መካኒኩ ከመሐንዲሱ የሚለየው በክብር ማነስ አይደለም፤ መካኒኩ መኪናውን በእጁ ፈትቶ ይገጥማል፣ መሐንዲሱ ምን እንዲገጠምና ለምን እንደሚገጠም ይወስናል፣ አንዱ ሲሳሳት ግን ሁለቱም አብረው ይሸነፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በካታር በተካሄደው ውድድር የማክላረን ቡድን መካኒኮች አራት ጎማዎችን በ1.80 ሰከንድ ለውጠዋል፤ ያ ፍጥነት የተገኘው ከጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው ተለክቶና ተደጋግሞ ስለተጠና ነው።

ሙያው በዓለም ላይ እኩል ተበትኖ አይገኝም። አብዛኞቹ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ሥራቸውን የሚያካሂዱት በእንግሊዝ አገር እርስ በርስ በሚቀራረቡ ከተሞች ሲሆን፣ ማክላረን በዎኪንግ፣ መርሴዲስ በብራክሊ፣ ሬድ ቡል በሚልተን ኬይንስ፣ ዊሊያምስ በግሮቭ ይገኛሉ፤ ፌራሪ ግን በጣሊያን ማራኔሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 የነበሩት የውድድር ዓመታት እያንዳንዳቸው 24 ውድድሮችን ይዘው ስለነበር፣ ከቡድኑ ጋር የሚጓዝ መሐንዲስ የዓመቱን ትልቅ ክፍል በአውሮፕላንና በሆቴል ያሳልፋል። ስለዚህም በነሐሴ ወር ፋብሪካዎቹ ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ፣ በውድድር ሥፍራም ሠራተኞች በተወሰኑ የሌሊት ሰዓታት እንዳይሠሩ ደንቡ ራሱ ያስገድዳል። ይህ የደንብ ጥበቃ የሥራውን ክብደት ከማንኛውም መግለጫ በላይ ያሳያልና ሙያውን የሚመኝ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ኃይል የሚያመነጨው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ በመሆኑና በእያንዳንዱ የፒስተን ምት የሚገባው አየር ስለሚሳሳ፣ አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በወረታ ከጅቡቲ ወደብ ጋር ሲነጻጸር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ የጭነት መኪና ደግሞ ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሚደርስ፣ ዳገቱና የአየሩ መሳሳት በአንድነት ይጫኑታል፤ ሾፌሩ «መኪናው ደከመ» የሚለው ይህንኑ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የፎርሙላ ዋን መሐንዲሶች ይህን ችግር በየዓመቱ የሚያገኙት በሜክሲኮ ሲቲ ሲሆን፣ የውድድሩ ሥፍራ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ክንፉ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ በሜክሲኮ ቡድኖቹ ጠባቡ የሞናኮ ጎዳና የሚጠይቀውን ያህል ትልቅ ክንፍ ቢገጥሙም፣ የሚያገኙት ጫና ግን ፈጣን በሆነው የሞንዛ ጎዳና በትንሽ ክንፍ ከሚያገኙት ብዙም አይበልጥም። ቱርቦው የአየሩን ጉድለት ለመሙላት ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ ራዲያተሩና ፍሬኑም የሚያቀዘቅዛቸው አየር ስስ በመሆኑ በመኪናው አካል ላይ ተጨማሪ የአየር መውጫ ይከፈትላቸዋል።

ይህ እውቀት በፎገራ ገበሬ እጅ ላይም አለ፤ በስሌት መልክ አልተጻፈም እንጂ። በበጋ ወራት የርብና የጉማራ ወንዞች ውኃ ሲቀንስ፣ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ወደ ወንዙ ጠርዝ እያወረደ የሚተክለው ሞተሩ ውኃውን ከሩቅ «አልስብም» ስለሚለው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መሳቢያው ውኃውን የሚስበው በራሱ ኃይል ብቻ ሳይሆን የከባቢ አየሩ ግፊት ውኃውን በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው፤ በባሕር ዳርቻ ይህ ግፊት በንድፈ ሐሳብ ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያነሣ ሲችል፣ በፎገራ ከፍታ ግን 8.3 ሜትር ያህል ብቻ ያነሣል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃና በመጋጠሚያው የሚሾልከው አየር ሲቀነስ የቀረው ከዚያም ያንሳል። በተመሳሳይ ምክንያት ውኃ በወረታ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ ያቃተው ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ፈጥኖ ይፈላል። የከፍታን ስሌት በወንዝ ዳር ካለ የውኃ መሳቢያ ላይ የተማረ ወጣት፣ የሜክሲኮን ውድድር ለመረዳት የሚቀረው የማሽኑን ስም መለወጥ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጎማ ግፊትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከጅቡቲ ተነሥተው በሚሌና በወልዲያ አድርገው ወደ ወረታ ደረቅ ወደብ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ጎማቸው በባሕር ዳርቻ በተሞላበት ግፊት አይቆይም፤ የጎማ መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና ከጎማው ውጭ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት በመሆኑ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ በወረታ የሚነበበው ቁጥር 0.2 ባር ያህል፣ ጎሚስታዎች በሚጠቀሙበት መለኪያ ደግሞ 3 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ ይላል። ለጭነት መኪና ይህ ልዩነት ትንሽ ሊባል ይችል ይሆናል። ለውድድር መኪና ግን መኪናው በመታጠፊያው ላይ መሬቱን የመያዝ ችሎታውን ለመለወጥ በቂ ነው። ሙቀት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል፤ በ25 ዲግሪ የተሞላ ጎማ ውድድሩ ውስጥ 90 ዲግሪ ሲደርስ በውስጡ ያለው ፍጹም ግፊት፣ ማለትም የከባቢው አየር ግፊት ሳይቀነስ የሚታሰበው ግፊት፣ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የፎርሙላ ዋን ጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ለእያንዳንዱ ውድድር ዝቅተኛ የመነሻ ግፊት ይወስናል፤ ቡድኖቹም ከዚያ በታች እንዳይወርዱ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል።

አፈሩም የራሱ ትምህርት አለው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር የበዛበት ሜዳ ሲሆን፣ ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ይለጥፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ወደዚህ አካባቢ የገባውና ከዚያ ወዲህ ፎገራን የአገሪቱ ዋና የሩዝ አምራች ያደረጋት ይህ ውኃ የሚይዝ መሬት ስለነበረ ነው። ለማሽን ግን ዋልካ ፈተና ነው። ጎማ መሬቱን የሚገፋው ከመሬቱ ጋር ፍጹም ሳይንሸራተት አይደለም፤ ጥቂት መንሸራተት የግድ ነው፤ የመኪናው የመሄድ ፍጥነት ከጎማው የመሽከርከር ፍጥነት ምን ያህል እንዳነሰ የሚያሳየው ቁጥር በመቶኛ ሲሰላ «መንሸራተት» ይባላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ከፍተኛ ኃይሉን የሚሰጠው በ10 በመቶ አካባቢ መንሸራተት ሲሆን፣ በእርሻ መሬት ላይ የትራክተር ጎማም በተመሳሳይ ወይም ጥቂት ከፍ ባለ መጠን ላይ ይበልጥ ይሠራል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ነዳጁ መሬት መቆፈሪያ ይሆናል።

ይህን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የትራክተሩ ጎማ ላይ በኖራ ምልክት ተደርጎ፣ ያለ ማረሻ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር የተጓዘው ርቀት በሜትር ይለካል፤ ከዚያም ማረሻው መሬት ገብቶ ጎማው እንደገና 10 ጊዜ ሲዞር የተጓዘው ርቀት ይለካል። የመጀመሪያው 40 ሜትር፣ ሁለተኛው 34 ሜትር ቢሆን፣ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው። በውድድር መኪና ላይ ይህንኑ ቁጥር በየጎማው ያሉ የፍጥነት መለኪያዎች በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለኩ ወደ ኮምፒውተር ይልኩታል፤ ይህ መረጃ ከመኪናው ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ በሬዲዮ የሚተላለፍበት ሥርዓት ቴሌሜትሪ ይባላል። መሣሪያው ቢራቀቅም ጥያቄው አንድ ነው፤ ጎማው ምን ያህል ተንሸራተተ፣ በዚያስ ምን ተገኘ?

ከኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው የዓለም ደረጃ ውድድርም በዚሁ ዓይነት መሬት ላይ የሚካሄድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የኬንያው ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና የዛሬዋ ታንዛኒያ አካል በሆነችው በታንጋኒካ መንገዶች ላይ ተጀምሮ፣ ከ1973 እስከ 2002 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ሆኖ ቆይቶ፣ ለረጅም ዓመታት ከሻምፒዮናው ውጭ ከሆነ በኋላ በ2021 በናይቫሻ አካባቢ ወደ ሻምፒዮናው ተመልሷል። ራሊ ከፎርሙላ ዋን የሚለየው መኪኖቹ አብረው ሳይሆን በየተራ፣ በተዘጋ ጎዳና ሳይሆን በገጠር መንገድ ላይ ከሰዓት ጋር የሚወዳደሩ በመሆናቸው ነው። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ይህን ውድድር በ1965፣ በ1974 እና በ1976 ሦስት ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ሼካር ሜታ ደግሞ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ ያገኛቸውን አራት ድሎች ጨምሮ አምስት ጊዜ አሸንፏል። በሳፋሪ ራሊ መሐንዲሱ የሚያዘጋጀው መኪና ከአውሮፓው ራሊ መኪና ይለያል፤ ጭቃ፣ የወንዝ መሻገሪያና እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ስላለበት ከኮፋኖው በላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ የበረታ ሞላና አሞርዛተር፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሻንሲ ያስፈልገዋል። ርብ ሞልቶ መንገዱን ሲያቋርጥ ሞተሩ ውኃ እንዳይጠጣ አየር መሳቢያውን ከፍ የሚያደርግ መካኒክ በወረታ ቢገኝ፣ ናይቫሻ ላይ ያሉት መሐንዲሶች ከሚያስቡት የተለየ አያስብም። የራሊ ሥራ ለኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ከፎርሙላ ዋን ይልቅ የሚቀርብ በር ነው የሚያሰኘውም ይህ ነው፤ ቢሆንም ወጣቶቻችን የሚያልሙት ብዙውን ጊዜ ሩቁን ብቻ ነው።

በወረታ በብዛት የሚታየው ማሽን ግን የሩዝ መፈልፈያ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምርቱ ሲሰበሰብ መፈልፈያዎቹ ሳያርፉ ይሠራሉ፤ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ቺንጊያው ይላላል፣ ሩዙም አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይሰባበራል። ሩዙ የሚሰባበርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የእህሉ እርጥበት፣ የሮለሮቹ ርቀት፣ የማሽኑ ፍጥነት፣ የተለያዩ ዝርያዎች መቀላቀል ሁሉም የየድርሻቸውን ያበረክታሉ። የማሽኑ ባለቤት ሮለሩንም ቺንጊያውንም በአንድ ጊዜ ለውጦ ስብርባሪው ቢቀንስለት፣ መፍትሔው የትኛው እንደነበረ አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስም ከመጀመሪያው ይጀምራል። የእሽቅድምድም መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ በሙከራ ቀን አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ውጤቱ ይመዘገባል፣ በመጨረሻም መኪናው ወደ መነሻው ሁኔታ ተመልሶ እንደገና ይነዳል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ ነገር ግን ቀኑ እየሞቀ፣ መንገዱም ጎማ እየበላ ሲሄድ ያለ ምንም ለውጥ ጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፣ መነሻውን ደግሞ ያልለካ መሐንዲስ የመንገዱን ለውጥ የራሱ ብልሃት አድርጎ ይቆጥረዋል።

የትምህርቱ ጉዳይ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ባሕር ዳር የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር በፖሊቴክኒክነት ተመሥርቶ የእርሻ መካኒክስን ጨምሮ በተለያዩ ሙያዎች ሲያሠለጥን የኖረ ነው። የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ከዚያ የሚያገኘው ሒሳብ፣ ሜካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስና የማሽን ንድፍ ለእሽቅድምድም ሥራ መሠረት ይሆነዋል፤ ለብቻው ግን አይበቃውም። ጎማ፣ ሞላና ክብደት በመኪና ላይ የሚፈጥሩትን ውጤት የሚያጠናው የተሽከርካሪ ዳይናሚክስ የሚባለው ዘርፍ ነው፤ በዚህ ላይ የሚሊከን አባትና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሙያው ዋና ማጣቀሻ ነው። ካሮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ከስሌት ይልቅ ስለ ብሎን፣ ስለ ቱቦ፣ ስለ ሽቦ አያያዝና ስለ ዝግጅት የሚናገር ሲሆን፣ ብዙ ውድድሮች የሚጠፉት በትልቅ የንድፍ ስሕተት ሳይሆን በላላ ዳዶ መሆኑን ለሚዘነጋ ጀማሪ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በላይ ይጠቅመዋል።

ኮምፒውተርን በተመለከተ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅ አሁን እንደ ትርፍ እውቀት አይታይም። ፋስት ኤፍ ዋን የተባለ ነፃ የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ያለፉ የፎርሙላ ዋን ውድድሮችን የሰዓትና የፍጥነት መረጃ ስለሚያቀርብ፣ አንድ ተማሪ ኢንተርኔት ባገኘባቸው ሰዓታት መረጃውን አውርዶ፣ ሁለት አሽከርካሪዎች በአንድ መታጠፊያ ፍሬን የረገጡባቸውን ቦታዎች ማወዳደርና ልዩነቱን ባንድ ገጽ ማስረዳት ይችላል። ቀጣሪዎች ከአዲስ ተመራቂ ማየት የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ የምስክር ወረቀት ክምር ጥያቄ የጠየቀንና መልሱን በቁጥር ያስደገፈን ሰው ሊተካ አይችልም።

ለተማሪዎች የተዘጋጀው ትልቁ መለማመጃ ፎርሙላ ስቱደንት የሚባለው ውድድር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው ይህ ውድድር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዲት ትንሽ ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ሠርተውና ነድተው የሚፎካከሩበት ሲሆን፣ ነጥብ የሚሰጠው በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ንድፋቸውን በዳኞች ፊት ያስረዳሉ፣ የወጪ ሰነድ ያቀርባሉ፣ መኪናዋም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሳትበላሽ መጓዝ ይኖርባታል። ብዙ መኪኖች የሚቀሩት በዚህ ረጅም ፈተና ላይ ነው። በእሽቅድምድም ቡድኖች ዘንድ ይህን ውድድር ያለፈ ወጣት የሚመረጠው መኪና መሥራት ስለቻለ ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘብና ጊዜ እያጠረው፣ ከማይስማሙ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ሥራ በቀኑ ስላደረሰ ነው።

ከአፍሪካ ተነሥተው በዚህ ሙያ ጫፍ የደረሱ ሰዎች ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። በደርባን የተወለደው ጎርደን መሪ በኮሌጅ ሜካኒካል ምሕንድስና እየተማረ የራሱን የውድድር መኪና ሠርቶ በደቡብ አፍሪካ ከተወዳደረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ እንግሊዝ ሄዶ በብራባም ቡድን ተቀጥሯል፤ በኋላም ከዓለም ታላላቅ የመኪና ነዳፊዎች አንዱ ሆኗል። ሮሪ በርን ደግሞ የተማረው ኬሚስትሪ ሲሆን፣ በቤኔቶንና በፌራሪ የነደፋቸው መኪኖች አሽከርካሪውን ማይክል ሹማከርን ለተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮናነት አብቅተዋል። ሁለቱም ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ስለነበሩ በዘመኑ ለሌላው አፍሪካዊ የተዘጋ በር ለእነርሱ ክፍት እንደነበር መዘንጋት አይገባም፤ ይሁን እንጂ ሥራ ከማግኘታቸው በፊት በአገራቸው መኪና የመሥራትና የመሞከር ልምድ ማካበታቸው የታወቀ ነው።

በሩ አሁንም በሰፊው አልተከፈተም። እ.ኤ.አ. በ2021 የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪው ሉዊስ ሃሚልተን ከብሪታኒያ የምሕንድስና አካዳሚ ጋር ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት፣ በፎርሙላ ዋን የሥራ ኃይል ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች መሆኑ ተገልጿል። በዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ የቪዛና የሥራ ፈቃድ፣ የውጭ ትምህርት ክፍያ፣ የመብራትና የኢንተርኔት መቆራረጥ ይጨመርበታል። እነዚህን እንቅፋቶች በወጣቱ ብርታት ብቻ ይወገዳሉ ማለት ሐሰት ነው፤ እንቅፋቶቹ እስኪወገዱ ድረስ ግን ሳይለኩና ሳይመዘግቡ መጠበቅ እንቅፋቱን ያበዛዋል።

ሥራው ሲገኝስ? የመጀመሪያው ወር በአብዛኛው የሚያልፈው በንባብ ነው። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የሚያወጣቸው የቴክኒክና የውድድር ደንቦች ረጅም ናቸው፤ አዲሱ መሐንዲስ ቢያንስ የራሱን ክፍል የሚመለከቱትን አንቀጾች ሊያስረዳ በሚችልበት መጠን ሊያውቃቸው ይገባል፣ ምክንያቱም ደንብ የጣሰ ፈጣን መኪና ከውጤት ዝርዝር ይሰረዛል። ከዚያ የሚቀጥለው ደኅንነት ነው። የዘመኑ የውድድር መኪና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚይዝ፣ በመኪናው ላይ የደኅንነት ማሳያ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ማንም እጁን አያሳርፍበትም። የሥራው ምስጢርም እንደ ቀላል አይታይም፤ አንድ የንድፍ ፎቶ በግል ስልክ መላክ ከሥራ ለመባረር ይበቃል።

ለአዲስ ሰው ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው የንግግሩ ሥርዓት ነው። በውድድር ሰዓት በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ብዙ ድምፅ አብሮ ስለሚሰማ፣ አነጋገር አጭር፣ ቁጥሩ ግልጽ፣ ጥርጣሬም ካለ በግልጽ የሚነገር መሆን አለበት። ታላቅን አክብሮ ዝም ማለት በአገራችን መልካም ጠባይ ቢሆንም፣ በዚህ ሥራ ላይ አለቃው የተሳሳተ ቁጥር ሲያነብ የሰማ ጀማሪ ወዲያው የመናገር ግዴታ አለበት፤ ይህ ድፍረት ሳይሆን የሥራው አካል ነው። ከሙከራ በኋላ በሚደረገው የግምገማ ስብሰባም ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደተከሰተ፣ መቼ እንደታየና ምን እንደሚደረግ ይነገራል። በመካኒኮቹ ዘንድ ከበሬታ ማግኘትም የራሱ ዝግጅት ይፈልጋል፤ በቁልፍና በፒንሳ ሠርቶ የማያውቅ መሐንዲስ መካኒኩ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ብሎን ይነድፋል፣ ይህም በሌሊት ሥራ ላይ ቶሎ ይታወቅበታል። በወረታ ጋራዥ የክረምት ዕረፍቱን ያሳለፈ ተማሪ በዚህ ረገድ ከብዙዎች ይቀድማል።

የዘመኑ አቅጣጫም ለኢትዮጵያ የማይመች አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ፎርሙላ ኢ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪኖች ውድድር ከ2014 ጀምሮ በመካሄድ ላይ ነው፤ ፎርሙላ ዋንም ከ2026 ጀምሮ የመኪናው ኃይል ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ እንዲመጣ ደንቡን ለውጧል። በባትሪ ሙቀትና ዕድሜ፣ በሞተር ቁጥጥርና በኃይል አጠቃቀም ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ለእሽቅድምድሙም፣ ለከተማ አውቶቡሱም፣ ለኤሌክትሪክ ባጃጁም እኩል ይፈለጋል፤ ስለዚህ ለውድድር ሥራ የተዘጋጀ ሰው ሥራውን ባያገኝ እንኳ ዝግጅቱ አይባክንበትም።

ስለዚህ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የምሕንድስና መምህራን በጋራ አንድ የተማሪዎች የኤሌክትሪክ ውድድር መኪና ቡድን ሊያቋቁሙ ይገባል፤ መኪናዋ መጀመሪያ ላይ ከግቢ ባትወጣም፣ በአንድ መኪና ላይ የተጣሉ፣ የተስማሙና የመዘገቡ ተማሪዎች ታፈራለችና። የወረታ ባለ መፈልፈያዎችና ባለ ጋራዦችም በራቸውን ለተለማማጅ ተማሪዎች ቢከፍቱ ማሽናቸው ይሻሻልላቸዋል። ይህን የሚያነብ ተማሪ ደግሞ ቡድኑ እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልገውም፤ መጪው የሩዝ ምርት መፈልፈያ ሲገባ የአንዱን ማሽን የኩሽኔታ ሙቀት፣ የቺንጊያ ሁኔታና የስብርባሪ መጠን በየቀኑ በአንድ ደብተር ይመዝግብ፤ በመጨረሻም ያገኘውን በሁለት ገጽ ጽፎ ለመምህሩ ያሳይ።